አስጎብኚው ያልነገረን

ባለፈው ኅዳር ከአጋሮ ተነስቼ በእግሬ ጅማ ገባሁ ስላቸው፣ ወዳጆቼ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ "መኪናው ተበላሽቶባችሁ ነው?" ብለው ነው። አልፈርድባቸውም። በእኛ አገር ሰው 45 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ የሚኳትነው ወይ ስለት አለበት፣ ወይ መሳፈሪያ የለውም፣ ወይ ፈረንጅ ነው። ገንዘቡን ከፍሎ፣ ፈቃድ ወስዶ፣ አዲስ ጫማ ገዝቶ ለመድከም የሚሄድ ሐበሻ ገና ያልተለመደ ፍጥረት ነው። ለነገሩ እየተለመደ መጥቷል። ቅዳሜ ማለዳ አዲስ አበባ ውስጥ ቦርሳ አዝለው፣ ዱላ ይዘው ሚኒባስ የሚጠብቁ ወጣቶች ካያችሁ፣ ገዳም የሚሄዱ እንዳይመስሏችሁ። ተራራ ሊወጡ ነው።

የእኛን ነገር የጀመረው አንድ ወዳጃችን ነው። ሥራው ፔሩ ድረስ ልኮት፣ እግረ መንገዱን የኢንካዎችን መንገድ ሄዶ መጣ። ከዚያ ወዲህ ከእሱ ጋር ቡና መጠጣት ፈተና ሆነ። ስኒው ሳይቀዳ ማቹ ፒቹ ይመጣል። አራት ቀን፣ 43 ኪሎ ሜትር፣ ከፍተኛው መተላለፊያ ከ4,200 ሜትር በላይ፣ በአራተኛው ቀን ማለዳ ጉም ሲገለጥ ከታች ያ የድንጋይ ከተማ። በቀን ከ500 ሰው በላይ አይገባም፣ እሱም ተሸካሚውና ወጥ ሠሪው ተቆጥሮ ነው። በየዓመቱ የካቲት ላይ መንገዱ እንዲያርፍ ይዘጋል። "መንገድ ያርፋል እኮ!" ይላል ወዳጄ፣ የእኛ መንገዶች ከተሠሩ ጀምሮ ዕረፍት ላይ ያሉ ይመስል።

አንድ ቀን ታዲያ ከመካከላችን አንዷ ሐኪም "እኛስ ምን አጣን? የጊቤ ነገሥታት አገር አለ፣ የሲራራ ነጋዴ መንገድ አለ፣ መጨረሻው ላይ ቤተ መንግሥት አለ" አለች። በወሩ አንድ አዘጋጅ ተገኘ። ሦስት ቀን፣ ከአጋሮ በየቡ አድርጎ ጅሬን፣ የአባ ጅፋር መሰራ ድረስ። በወረቀቱ ላይ "የነገሥታቱ ጎዳና" ይላል። ስሙ የወጣለት ይመስለኛል፣ እኛ ከመምጣታችን አንድ ሳምንት በፊት።

እንዳታሙኝ፣ አገሩ ለዓይን የሚጠግብ አይደለም። ጎማ በኅዳር ማለት ቡና የቀላበት ጊዜ ማለት ነው። ከዋንዛው፣ ከብርብራው ጥላ ሥር እናቶችና ልጆች ቅርጫት ወገባቸው ላይ አስረው እሸት ቡና ይለቅማሉ፣ ከላይ ጉሬዛ ይዘላል፣ ከታች እርጥቡ አፈር ጫማን ይስማል። በየመንደሩ ጀንፈል ተሰጥቷል። እጥብ ቡና የሚያዘጋጁት ጣቢያዎች ደግሞ ከሩቅ በሽታቸው ይታወቃሉ። ገለባው ሲብላላ የሚያመጣው ያ ኮምጣጣ ሽታ ጅማ ያደገ ሰው በሕልሙም አይጠፋውም። አንድ ቤት ቡና ቀላ ቀረበልን፣ ቡናው ከነገለባው በቅቤ የተቁላላ። ከመካከላችን ባንክ ቤት የሚሠራው ሰውዬ በአንድ እጁ ፎቶ እያነሳ በአንድ እጁ ጨረሰው።

አስጎብኚያችን ሃያዎቹን ሊጨርስ የተቃረበ፣ ታሪክ የተማረ፣ ቀልድ የሚያውቅ ልጅ ነው። በኦሮምኛ ሽማግሌዎቹን ያስቃል፣ በአማርኛ እኛን። ትችቴን ከመጀመሬ በፊት ይኼን ማለት ያለብኝ፣ በሙያው የማይታማ ስለሆነ ነው። የምተቸው የሚነግረንን ነው፤ የሚነግረንን ደግሞ እሱ ብቻ አልጻፈውም።

የመጀመሪያው ቀን ጮጬ ነው። ጮጬ ከአጋሮ አጠገብ ያለች፣ ቡና የተገኘባት ናት የምትባል መንደር ናት። ካልዲ የሚባል እረኛ፣ ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲጨፍሩ አየ፤ ቀሪውን ታውቁታላችሁ። ቦንጋ ብትሄዱ ማንኪራ ወስደው ይኼንኑ ይነግሯችኋል፣ ፍየሎቹ ብቻ ወረዳ ቀይረው። ሁለቱ አካባቢዎች በዚህ ነገር ሲነታረኩ ኖረዋል። ዳኛ ልሁን ብል ሁለቱንም አስከፋለሁ። ታሪኩ መጀመሪያ በጽሑፍ የታየው ሮም ውስጥ በ1671 (ዘመኑን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) አንድ ናይሮን የሚባል ምሁር በላቲን ባሳተመው መጽሐፍ ነው፤ እሱም ላይ ካልዲ የሚባል ስም የለም። ቡናው ግን አለ። የዐረቢካ ቡና የዘር ሐረግ ከእነዚህ የደቡብ ምዕራብ ደኖች እንደሚመዘዝ ሳይንሱ አረጋግጦታል። እውነቱ እንዲህ በቂ ሆኖ ሳለ ፍየል ማስጨፈሩ ለምን አስፈለገ? አስጎብኚውን ጠየቅሁት። "ጋሼ፣ ሰው ፍየሏን ነው የሚያስታውሰው" አለኝ። ሳቅሁ። በኋላ ሳስበው፣ የሦስቱ ቀን ጉዞ ቁልፍ የተሰጠኝ እዚያ ላይ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት የቡ ደረስን። እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ነገሩ እዚህ ነው የተበላሸብኝ።

ጓዛችንን የሚሸከሙ አምስት የአካባቢው ልጆች ነበሩ። አጋሰስ ይኖራል ተብለን ነበር፤ በቅሎዎቹ "ቡና ላይ ናቸው" ተባለ። ለቀማ ላይ በቅሎ ከሰው ይወደዳል ማለት ነው። የቡ መንገድ ዳር አንድ ቡና ሰብሳቢ ሚዛኑን ደጅ ላይ ሰቅሎ እሸት ይረከባል። ባንኩ ሰውዬ ለቀልድ ብሎ የአንዱን ልጅ ሸክም ሚዛኑ ላይ አንጠለጠለው። 34 ኪሎ። ቀልዱ እዚያው አለቀ። ድንኳን፣ ውኃ፣ የእኔ ቦርሳ፣ የሐኪሟ ቦርሳ፣ በዚያ ላይ አንድ ሰው ጅማ ወስዶ ለዘመድ ሊሰጥ የገዛው ማር። ፔሩ የሄደው ወዳጃችን ዝም አለ። ሲያልፍ ነግሮን የነበረው ይኼን ነበርና። እዚያ ተሸካሚዎች እንደ በቅሎ ሲጫኑ ኖረው፣ በ2001 ሕግ ወጣ፣ አንድ ሰው ከ20 ኪሎ በላይ እንዳይሸከም። በመንገዱ መግቢያ ላይ ሚዛን አለ፣ ይመዘናል። እኛ የኢንካውን መንገድ ስንኮርጅ ድካሙንም ፎቶውንም ኮርጀን፣ ሚዛኑን ትተነው መጥተናል። የቡናው ሚዛን ባይሰቀል ኖሮ ማወቃችንንም እጠራጠራለሁ። አዘጋጁን ብንጠይቀው "ለምደውታል" አለ። ይቺ "ለምደውታል" የምትባል ቃል በአገራችን ስንቱን ሸክም እንደተሸከመች!

ቦርሳችንን አከፋፍለን ያዝን፣ በማግሥቱ ጠዋት ትከሻችን ሲዝል ግማሾቻችን መልሰን ሰጠን። እኔም ሰጥቻለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጅማን ወደ ጎን ትተን፣ በስተሰሜን ዞረን ጅሬን ወጣን። ጅሬን ከከተማው ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከሰገነቱ ላይ ሆናችሁ ስታዩ ጅማ ከሥራችሁ ተዘርግታ ትታያለች። ቤተ መንግሥቱ ባለ ፎቅ፣ ዙሪያውን ሰፊ በረንዳ ያለው፣ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ የዐረቡንም የሕንዱንም እጅ የሚያስታውስ ነው። ተማሪ ሳለሁ ሳየው የወለሉ ሳንቃ ከእግሬ ሥር ይንሿሿ ነበር፤ አሁን ታድሷል። እድሳቱን ማማት አልፈልግም። የእንጨት ሥራ በዚህ ዝናባም አገር መቶ ሠላሳ ምናምን ዓመት መቆሙ ራሱ ተአምር ነው፣ ማቹ ፒቹ ድንጋይ ስለሆነ ምን ያደንቁታል?

አስጎብኚያችን ጀመረ። የሚጀምረው በንጉሡ ቁመት ነው፣ ሁሉም በቁመታቸው ነው የሚጀምሩት። ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1878 ገና የአሥራ ምናምን ዓመት ጎረምሳ ሳሉ ነገሡ፣ እስከ 1932 ገዙ። የእናታቸውን የጉሚቲን ምክር ሰምተው ለምኒልክ ያለ ጦርነት ገበሩ ይባላል፤ በዚህም ጎረቤት መንግሥታት ሲፈርሱ ጅማ ሳትቃጠል፣ የውስጥ አስተዳደሯን ይዛ ኖረች። ይኼ እንዲያው በቀላሉ የሚታለፍ ብልኀት አይደለም። በ1897 ከፋ ጦር አንስታ ምን እንደደረሰባት ያየ ሰው የአባ ጅፋርን ልብ ያደንቃል። ከዚያ ፍርድ ቤታቸውን፣ መስጊዳቸውን፣ እንግዳ ተቀባይነታቸውን፣ ነጋዴ የሚወዱ መሆናቸውን ነገረን። ጅማ ከተማ ያለው ሙዚየም ውስጥ ደግሞ ዕቃዎቻቸው አሉ፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈሉት ባለ ሦስት እግር በርጩማዎችም እዚያ ይታያሉ።

"ነጋዴ ይወዱ ነበር" አለ። ምን እንደሚነግዱ ግን አላለም። ቡና፣ ማር፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ ብሎ ዘረዘረና አቆመ። ከሰገነቱ ቁልቁል ወደሚታየው ወደ ሂርማታ በጣቱ እያሳየ "ትልቅ ገበያ ነበር" አለ። ሂርማታ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከነበሩት ትልልቅ የባሪያ ገበያዎች አንዱ ነበር። ይኼን ለማወቅ ምሥጢራዊ መዝገብ አያስፈልግም፤ ስለ ጊቤ መንግሥታት የተጻፈ ማንኛውም ደህና መጽሐፍ ላይ አለ። አስጎብኚያችን ደግሞ ታሪክ የተማረ ነው። በአንድ አረፍተ ነገር መሐል ዘሎ ሲያልፈው አየሁት፣ ልክ መንገድ ላይ ያለች ጉድጓድ የሚያውቅ ሾፌር እንደሚያልፋት።

ፎቶ ተነሳን። ሁላችንም በረንዳው ላይ።

ማታ ድንኳን ተተከለ፣ እሳት ተለኮሰ። ቦርሳዬን ይሸከም የነበረው ልጅ ከእኔ አጠገብ ተቀምጦ በቆሎ ይጠብሳል። ሦስት ቀን ሙሉ "እሺ ጋሼ" እና "አይ ጋሼ" ከማለት አልፎ አያውቅም። ቤተ መንግሥቱን አይቶት ያውቅ እንደሁ ጠየቅሁት። ውስጡን አላየሁም አለኝ። ለምን ስለው ትንሽ ዝም ብሎ፣ "የአያቴ እናት ግን እዚህ ነበረች" አለ። ከየት እንደመጣች አያውቅም፤ "ከማዶ" ብቻ ነው የሚባለው። በልጅነቷ ተነዳ መጣች። ከሥር ካለው ምንጭ ውኃ እየቀዳች ይኼን ዳገት ስትወጣ ኖረች። ጋን በጀርባዋ። ይኼንን የነገረችው አያቱ ናት፣ አያቱም የነገረችው እንዳይናገር አስጠንቅቃ ነው። እሱም ነግሮኝ ሲያበቃ እንደ አያቱ "ለልጆቹ እንዳትነግርብኝ" አለኝ። ልጆቹ የሚላቸው አራቱን ጓደኞቹን ነው። መንደር ውስጥ "የማን ዘር ነው" የሚባል ነገር ዛሬም አለ፤ ልጅ ለመዳር፣ ለቅሶ ላይ ለመቀመጥ፣ አንዳንድ ቦታ አብሮ ለመብላት እንኳ። ባርነት በአዋጅ ከቀረ ስንት ዘመኑ! በ1923 ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ስትገባ አንዱ ያንገራገረን ይኼ ጉዳይ ነበር፤ በ1942 የወጣው አዋጅ ደግሞ ባርነትን በሕግ ጨርሶ አስወገደ። ሕጉ የደረሰበትና ሐሜቱ የደረሰበት ቦታ ለየቅል ነው።

ይኼን ስጽፍ የልጁን ቃል አፍርሼ እንደሆነ አስቤበታለሁ። መንደሩን አልጻፍኩም፣ መልኩን አልጻፍኩም፣ እንዲህ ያለ አያት ያላቸው ልጆች በዚያ አገር አንድና ሁለት አይደሉም። ቢሆንም ሙሉ በሙሉ ንጹሕ ነኝ አልልም።

በማግሥቱ ጠዋት አስጎብኚውን ብቻውን አግኝቼ፣ የባሪያ ገበያውን ለምን ዘለልከው አልኩት። ልጁን አላነሳሁበትም። አልደነገጠም። "ጋሼ፣ ብነግራችሁ ኖሮ ምን ታደርጉበት ነበር?" አለኝ። ከዚያ አከታተለው። እንግዳ የሚከፍለው ሊደሰት ነው። የአገሩ ሽማግሌዎች ንጉሣቸውን በእንግዳ ፊት ሲሰደብ ቢሰሙ ነገ እሱ እዚያ ቤት አይገባም። ባለሥልጣን ቢሰማ ደግሞ የከፋ ነው። "ደግሞስ" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ጎንደር ሄደህ ፋሲል ግቢን ስትጎበኝ ድንጋዩን ማን ተሸከመው ብለህ ጠይቀህ ታውቃለህ? አዲስ አበባ ላይ የመኳንንቱ ቤት ባሪያ የት ነበር የሚያድረው ብሎ የሚያስጎበኝ አለ? ጅማ ላይ ስትደርሱ ብቻ ነው ባሪያ ትዝ የሚላችሁ?"

መልስ አልነበረኝም። አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። እውነቱን ነው፣ ገበያው ጅማ ይሁን እንጂ ገዢው ከየአቅጣጫው ነበር፤ ከሰሜን፣ ከሸዋ፣ ከቀይ ባሕር ማዶ። ከፋ በ1897 ከተያዘች በኋላ የተጋዘው ሕዝብ በአባ ጅፋር ብቻ አይደለም የተጋዘው። አንዱን ንጉሥ ነጥሎ ማሳጣት ሌላ ዓይነት ዝላይ ነው። ነገር ግን ሁሉም ስለ ዘለለ እኛም እንዝለል ከተባለ፣ የዚያች ውኃ ቀጂ ታሪክ የሚነገርበት ቦታ በኢትዮጵያ ምድር አይኖርም ማለት ነው። ጎንደር ላይ አይነገርም፣ ጅሬን ላይ አይነገርም፣ እሳት ዳር በሹክሹክታ ይነገራል፣ እሱም እንዳትነግርብኝ ተብሎ።

ለፔሩው ወዳጄ ነገሩን ሳነሳበት አንድ ነገር ነገረኝ። ማቹ ፒቹን በ1911 "አገኘሁ" ብሎ ለዓለም ያወጀው ሂራም ቢንግሃም የሚባል አሜሪካዊ ነው። ወደዚያ የመራው ግን አርቴያጋ የሚባል የአገሩ ገበሬ ነው፤ ዋጋው አንድ ሶል። ከተራራው ላይ ደግሞ እርሻቸውን ፍርስራሹ መሐል የሚያርሱ ቤተሰቦች ነበሩ፤ የመጨረሻውን መንገድ አንድ ትንሽ ልጅ እየመራው ወሰደው። "ጠፋ" የተባለው ከተማ የጠፋው ለማን ነበር? ለገበሬው አልጠፋም። ዛሬ ግን እዚያ ያሉ አስጎብኚዎች ይኼን ራሱን ይናገራሉ፤ የገበሬውን ስም፣ የልጁን ስም ይጠራሉ፣ የኢንካ ነገሥታት ሕዝቡን በየተራው እያስገደዱ እንዴት ያሠሩ እንደነበርም አይደብቁም። እንግዳውም አልቀነሰም፤ እንዲያውም ቦታ ለማግኘት ወራት ቀድሞ ይመዘገባል። "ሰው ፍየሏን ነው የሚያስታውሰው" የሚለው የእኛ ልጅ ፍርድ ያን ያህል ትክክል አይመስለኝም። እኔ ራሴ ከሦስቱ ቀን ጉዞ የማስታውሰው የቡን ሚዛን ነው፣ ያችን ጋን ነው።

በ1843 አንቷን ዳባዲ የሚባል ፈረንሳዊ ሊሙ ድረስ ዘልቆ ነበር። ቼኪ የሚባል ጣሊያናዊ ደግሞ በ1879 ጌራ ላይ ታሰረ፣ ጓደኛው ኪያሪኒ እዚያው ሞተ። የዚህ አገር የመጀመሪያ ጎብኚዎች እነሱ ናቸው ማለት ይቻላል፣ መስተንግዶው ላይ ቅሬታ ቢኖራቸው አይገርምም። ነገር ግን ያዩትን የባሪያ ሰልፍ ጻፉት። ከእነሱ በኋላ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ቆይተን፣ ቋንቋው የእኛ፣ አገሩ የእኛ ሆኖ፣ እኛ ስለ ፍየል እንሰማለን።

የመልስ ጉዞው በመኪና ነበር። ሰዎቹ መኪናው ውስጥ ሲገቡ ልጁን "ምንጩ የት ነው?" አልኩት። ከዛፎቹ ኋላ አንድ ቀጭን የእግር መንገድ አሳየኝ፣ አስፋልቱ ከመሠራቱ በፊት ሴቶቹ የሚመላለሱበት ነው አለ። "በዚህ እንውረድ፣ መኪናው ታች ይጠብቀን" አልኩ። አስጎብኚው ሰዓቱን አየ፣ ከዚያ ምንም ሳይል እሱም ተከተለን። ቁልቁለቱ ያዳልጣል፣ በሁለት እጄ ቅጠል እየያዝኩ ነው የወረድኩት። ምንጩ ላይ ሁለት ልጃገረዶች ቢጫ ጀሪካን ይሞላሉ። አስጎብኚው ጎንበስ ብሎ እጁን ታጠበና፣ "ይቺን ምንጭ አላውቃትም ነበር" አለ፤ ለእኔ ይሁን ለልጁ አላወቅሁም። ቦርሳዬን ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ። ልጁ ወደ ኋላ ሸሸ፤ "አይ ጋሼ፣ ታች ድረስ ነው የተከፈለኝ" አለኝ።